ድምፅሽን ወደ ላይ እንዲጎትቱት አትፍቀጂ

እኅቴ፣ «24 ዓመቴ ነው፤ ድምፄ ወፍራም ቢሆንም መምህሬ ሜዞ ሶፕራኖ ነሽ ትለኛለች፤ ኮንትራልቶ ሆኜ እንጀራ መብላት እችላለሁ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ያንቺ ታሪክ የእኔው ነው፤ እኔም ከሴት ድምፆች ሁሉ ዝቅተኛው የሆነው ኮንትራልቶ ነኝ፤ ሜዞ ሶፕራኖ ከእኛ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ጀርመን አገር 19 ዓመት ዘምሬና አስተምሬ ያየሁትን ልንገርሽ።

1ኛ. ምን ያህል ዝቅ እንደምትዪ አትለኪ። ጠዋት የማንም ድምፅ ዝቅ ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትደክሚ የምትቆዪው የቱ ጋ ነው? ድምፅሽ ደረት ላይ ከሚሰማው ወፍራሙ ወደ ራስ ላይ ከሚሰማው ቀጭኑ የሚሻገረውስ የቱ ጋ ነው? ሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየዘመርሽ ድምፅሽን ቅጂ።

2ኛ. «ለኮንትራልቶ ገበያ የለም» የምትል መምህር ካጋጠመችሽ ተጠንቀቂ። የእኔዋም ያለችኝ ይህንኑ ነው። አገር ቤት በመዘምራን ውስጥ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ሲጎድል የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ጎተተችኝ። ጎሮሮዬ ሲቃጠል «ልምምድ አነሰሽ» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ድምፄ መሐል ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ሊገጥሙ ሲሉ በመካከላቸው የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ እብጠቶች ይጋጫሉ፤ ዙሪያውን አየር ይሾልካል። ሁለት ሳምንት ፍጹም ዝምታ፣ ከዚያ ሰባት ወር የድምፅ ሕክምና ታዘዘልኝ። እናቴ ስትደውል ስልኩን አንሥቼ ትንፋሼን ብቻ አሰማት ነበር። በዚያው ሰሞን የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ሄጄ ሠራተኛዋ «መዝፈን ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ መልስ የምሰጥበት ድምፅ እንኳ አልነበረኝም። አንቺ ለመኖሪያ ፈቃድ ስትሄጂ ቀኑና ክፍያው የተጻፈበት የተፈረመ ውል በእጅሽ ይኑር።

ያዳነችኝ ሁለተኛዋ መምህሬ ናት። ከሄንደል «መሲሕ» የአልቶውን (ዝቅ ላለ የሴት ድምፅ የተጻፈውን) ብቸኛ ዜማ ሰጥታ «አትግፊ፣ ተናገሪው» አለችኝ። ምንም ሳልጮህ ክፍሉ ሞላ። አለቀስኩ።

ሥራውን በተመለከተ፣ በኦፔራ ለእኛ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የቫግነር ኤርዳ፣ የቬርዲ ኡልሪካ የተባሉት ገጸ ባሕርያት እያለ ይሄዳል። እንጀራው ያለው በባኽና በሄንደል ኦራቶሪዮዎች (ያለ ትወና በሚዘመሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንፈሳዊ በሆኑ ታሪኮች)፣ በማስተማር፣ እንዲሁም በኦፔራ ቤቶች መዘምራን ውስጥ በሁለተኛ አልቶነት፣ ማለትም ከሴቶቹ ዝቅተኛውን ክፍል በመዘመር ነው። ይህን የመጨረሻውን አትናቂው፤ የወር ደመወዝ አለው። በዚያ ላይ የእኛ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ማሪያን አንደርሰንን በወጣትነቷ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቆዳዋ ቀለም ምክንያት መልሷት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ኡልሪካን ሆና በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ስትዘምር 57 ዓመቷ ነበር፤ በዚያ መድረክ በብቸኛ ድምፃዊነት የታየች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አንቺ ገና 24 ነሽ።

እኔ ዛሬ አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከማዳመጥ በቀር ምንም አላዝዝም። የቀዳሽውን ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ሂጂና አብራችሁ ስሙት። አልሰማም ካለችሽ በዚያው ሳምንት ሌላ መምህር ፈልጊ። ጎሮሮሽ አሁንም የሚቃጠል ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ሐኪም ይየው።