ከጤና መኮንንነት ወደ ፒኤነት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

አገር ቤት ጤና መኮንን ነበርኩ። አሁን በሜሪላንድ በአንድ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ፊዚሽያን አሶሺዬት፣ በአጭሩ ፒኤ ሆኜ እሠራለሁ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ላይ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፒኤ ሐኪም ነው ወይስ ነርስ? ለእናቴ ማስረዳት አቃተኝ።

ሐኪምም ነርስም አይደለም። ታካሚ ይመረምራል፣ የደምና የራጅ ምርመራ ያዝዛል፣ በሽታ ይለያል፣ መድኃኒት ይጽፋል፣ ቁስል ይሰፋል፣ በቀዶ ሕክምናም ያግዛል። ከሐኪም ጋር በቡድን ይሠራል፤ ምን ያህል ራሱን ችሎ እንደሚወስን የየግዛቱ ሕግ ይለያያል።

ለእናትህ ግን «እንደ ጤና መኮንን ነው» በላቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ለገጠሩ ሕዝብ ጤና መኮንኖችን እንዲያሠለጥን የጎንደር ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ኃይል የተሰናበቱ የሕክምና ባለሙያዎችን ይዘው የመጀመሪያውን የፒኤ ሥልጠና የጀመሩት በ1965 ሲሆን፣ ሦስት ሰዎች በ1967 ተመረቁ። ጎንደር በ11 ዓመት ቀድማለች። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ዛሬም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «አሲስታንት» ነው ወይስ «አሶሺዬት»?

የሙያው ብሔራዊ ማኅበር በ2021 «ፊዚሽያን አሲስታንት» የሚለው ቀርቶ «አሶሺዬት» እንዲባል ወሰነ፤ ኦሪገን በ2024 ስሙን በሕግ የለወጠች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። በብዙ ቦታ የሙያ ፈቃዱ ላይ አሁንም «አሲስታንት» የሚለው አለ። ሥራው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ዓመት ጤና መኮንን ሆኜ ሠርቻለሁ። በቀጥታ ለፈተና መቀመጥ እችላለሁ?

አትችልም ወንድሜ። እኔም ይህን ስሰማ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁና እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ፓንስ የተባለውን 300 ጥያቄ ያለውን ብሔራዊ ፈተና ለመውሰድ በአሜሪካ ዕውቅና ካለው የፒኤ ትምህርት ቤት መመረቅ ግዴታ ነው። አገር ቤት ሐኪም የነበረም ከዚህ ደንብ አያመልጥም።

ዲግሪህ ግን ከንቱ አይደለም። በአሜሪካ የሰነድ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግመህ እንደ መጀመሪያ ዲግሪ ልታስቆጥረው ትችላለህ። ችግሩ የሳይንስ ኮርሶቹ ላይ ነው፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ኬሚስትሪ በአሜሪካ ኮሌጅ ካልተወሰዱ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የምታመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች መስፈርት አንድ በአንድ አንብብ። አቅራቢያህ ባለ የማኅበረሰብ ኮሌጅ መማር ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ይረክሳል። እኔ ያለፍኩት በዚያ በኩል ነው፤ አላፈርኩበትም።

ጥያቄ፦ በአረጋውያን መኖሪያ የነርስ ረዳት ነኝ። ገላ ማጠብና ልብስ መቀየር እንደ ልምድ ይቆጠራል?

አዎን እህቴ፣ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይቆጠራል። ከታካሚ ጋር የተሠራ 500 ሰዓት የሚበቃቸው አሉ፤ 1,000 ወይም 2,000 የሚጠይቁም አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓት ከሠራሽ ወደ 2,000 ይጠጋል።

ከቁጥሩ በላይ ግን ዓይንሽን አሠልጥኚበት። እኔም እንዳንቺ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ማለዳ ካልሲያቸውን ሳወልቅ ላስቲኩ ቅልጥማቸው ላይ ጥልቅ ቀለበት ትቶ አየሁ። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ቀና ብዬ ሳይ በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩት ሰው ሦስት ደርበዋል። ለነርሷ ነገርኳት፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ ጨምረዋል። ልባቸው ደክሞ ሰውነታቸው ውኃ ይዟል ማለት ነው። ያንኑ ቀን ሕክምና አገኙ። ማመልከቻዬ ላይ ስለ ራሴ ስጽፍ የጀመርኩት በዚያ ካልሲ ነው። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ መርማሪዎቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነቡ አስቢ። አንቺ ያየሽውን ሌላ ሰው አላየውም፤ እሱን ጻፊ።

ጥያቄ፦ ኬሚስትሪ ሲ አገኘሁ። ደግሜ ብወስደው የድሮው ይሰረዛል?

በማመልከቻው ሥርዓት፣ ካስፓ በሚባለው፣ አይሰረዝም። ሁለቱም ውጤቶች ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሁለት ሥራ ይዛችሁ ሦስት የሳይንስ ኮርስ በአንድ ጊዜ አትውሰዱ። አንዱን ወስዳችሁ ኤ አግኙ። ወገኖቼ የሚወድቁት በችሎታ ማነስ ሳይሆን በጥድፊያ ነው፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ ፒኤ ልሁን ትላለች። ዶክተር መሆን እየተቻለ ለምን ይህን ትመርጣለች?

አባቴ፣ ጥያቄዎ የአባት ነውና አልቀየምም። የፒኤ ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በአማካይ 27 ወር ገደማ ነው፤ ሕክምና አራት ዓመት ሆኖ ከዚያ በላይ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ የሚባል በሆስፒታል የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና አለው። ፒኤ ከቀዶ ሕክምና ወደ ሕፃናት ክፍል ልዛወር ቢል እንደ አዲስ ሬዚደንሲ እንዲገባ አይገደድም። በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሠረት በ2023 የፒኤዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 130,020 ዶላር ነበር። ውስብስብ ቀዶ ሕክምናን ራሷ መምራት የምትመኝ ከሆነ ግን ሐኪም ትሁን። ምኞቷ ምን እንደሆነ ይጠይቋት፤ ሲያዳምጡም አያቋርጧት።

ጥያቄ፦ ወጪውስ? እየሠራሁ መማር እችላለሁ?

በአብዛኛው አይቻልም። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ ወደ 2,000 ሰዓት የሚደርስ የተግባር ልምምድ ይመጣል፣ የሌሊት ተራም አለበት። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን የፌዴራል ብድር አያገኙም፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የተቀመጠው ጣሪያ በዓመት 20,500 ዶላር ነው። ቦታውን ከመቀበላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የገንዘብ ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ። ሐኪም በጠፋበት አካባቢ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ለማገልገል ለሚዋዋሉ ዕዳ የሚከፍል ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ኮርፕስ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራምም አለ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ የእኛን አገር ዜማ ይዟል። በቃለ መጠይቅ ይጥለኛል?

ዜማ አይጥልም፤ ያልተሰማ ቃል ግን ይጥላል፣ ስለዚህ ረጋ ብለሽ ተናገሪ። ቋንቋሽንም አትደብቂ።

አንድ ሌሊት አንዲት እናት መጡ፤ በስልክ የነበረው አስተርጓሚ «ልቧን አመማት» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሁሉም ወደ ልብ ሕመም ሮጠ፣ የልብ ምርመራውም በደንቡ መሠረት ተነሣ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እናቴ፣ በጣትዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጣታቸው ያረፈው ከደረታቸው ላይ ሳይሆን ከጎድን አጥንታቸው በታች፣ መሐል ላይ ነው። የልባቸው ምርመራ ደህና ሆነ። «ስንት ቀን ሆነዎት?» ስላቸው ከስንት ሰዓት ዝምታ በኋላ ወሬያቸውን ጀመሩ፤ ለጉልበታቸው ሲሉ ሳይበሉ የሚውጡትን የሕመም ማስታገሻ ከቦርሳቸው አውጥተው በእጄ ላይ አስቀመጡት። «ልቤን» ያሉት ጨጓራቸውን ነበር።