ወንድምሽ ፖሊስ ይግባ ወይ?

እህቴ፣ ታናሽ ወንድምሽ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ አይቶ «ልመዝገብ» እንዳለ፣ አንቺ ደግሞ «የገቡት ለምን ቶሎ ይወጣሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ባሕር ዳር ላይ 9 ዓመት አገልግዬ የወጣሁ ነኝ።

ምልመላው አያስጨንቅሽ። የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ሩጫ፣ ዋስ ነው። ስልጠናውም ይከብዳል እንጂ ያልፋል። ሰው የሚሸሸው ኮንስታብል ሆኖ ከተመደበ በኋላ ነው።

አንዱ ኪራይ ነው። ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ የደመወዜን ግማሽ ትበላለች። አከራዬ እማማ ከፈረቃ ሌሊት 7 ሰዓት ስመለስ በር መክፈት ሰለቻቸው። «ልጄ፣ አንተስ ደግ ነህ፣ ሥራህ ግን እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው አስወጡኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ከገንዘቡ በላይ ያስመረረን ግን ስምሪቱ ነው። አንድ ኃላፊ ነበረን። የሁለት ሳምንት የፈረቃ ድልድል ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ለበዓል ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያርፍ ቀድመን እናውቃለን። ጥር 10 ለከተራ ወጥተን፣ ጥር 12 ሚካኤል እስኪገባ እግራችን ላይ ነን። ግን 13 እረፍት መሆኑን ስለምናውቅ የሚያጉረመርም የለም። እሱ ተዛወረ። የተተካው ሰው «ፖሊስ 24 ሰዓት ፖሊስ ነው» ባይ ነው። ድልድል የሚባል ነገር ቀረ፤ እረፍት ላይ ሆነህ ስልክ ይደወላል። በዓመቱ አራት የኮርስ ጓደኞቼ ለቀቁ። ሁለቱ ባንክ ጥበቃ ገቡ፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። የባንክ ጥበቃው ደመወዝ ያን ያህል አይበልጥም እኮ! ግን መቼ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል። እኔም የልጄ ክርስትና ዕለት፣ ጠላው ሳይቀዳ ስጠራ ነው የቆረጠልኝ።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለውን ግጭት አንቺም እዚሁ ስላለሽ አልነግርሽም። ያኔ እኔ ወጥቻለሁ፤ ሥራው ላይ የቀሩት ጓደኞቼ እናቶች እንዴት እንደሚያድሩ ግን አያለሁ።

ወንድምሽ ከልቡ ከፈለገው አትከልክይው። ጎበዝ ፖሊስ ለሰፈር ምን እንደሚጠቅም አይቻለሁ። ብቻ ባሕር ዳር ከተመደበ አንቺ ጋ እየኖረ ይጀምር። ኪራዩ ካልያዘው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ይችላቸዋል። የሚመደብበትን ጣቢያ ነባር ሳጅኖች ሻይ ይጋብዝና «ድልድል ይለጠፋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከመፈረሙ በፊትም የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ ያንብብ። እኔ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።