ሣር ዘርቶ ጤፍ ማጨድ፦ ጥያቄና መልስ

ፒያሳ በሚሰበሰበው ወርሃዊ የአገር ልጆች ማኅበራችን ላይ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ «መሬቱ ያለ ማዳበሪያ አልሰጥ አለ» የሚል እሮሮ ተነሣ። ዕድሜዬን በሰብል ባለሙያነት የፈጀሁት እኔ ነኝና «ለጥቂት ዓመት ሣር ዝሩበት» አልኳቸው፤ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጋሼ፣ አባቴ ሰላሌ ስድስት ጥማድ አላቸው፤ ስንዴና ጤፍ ብቻ ነው የሚያፈራርቁት። ሣር ዝሩበት ሲባል መሬቱ ጦሙን ይደር ማለት ነው?

አይደለም። ጦሙን ያደረ መሬት የበቀለበትን ይዞ ይከርማል፤ ይሄ ግን ተመርጦ ይዘራል። ሮደስ ወይም ፋላሪስ የሚባል የመኖ ሣር፣ የአተር ወገን ከሆኑት ከማገጥ ወይም ከአልፋልፋ ጋር ተዘርቶ 2 ወይም 3 ዓመት ሳይታረስ ይቆያል፤ ከዚያ ተገልብጦ እህል ይገባበታል። ሣሩ በሥሩ አፈሩን ያያይዛል፣ ሲበሰብስም ያወፍረዋል። የሰብሉን ምግብ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያመጡት ግን በነማገጥ ሥር እባጮች ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አባትህ በአንዷ ጥማድ ይጀምሩ፤ ስድስቱን ከነኩ ምን ሊበሉ ነው?

ጤፍስ ራሱ ሣር አይደል?

ነው እንጂ! ስንዴውም ገብሱም የሣር ወገን ናቸው። ልዩነቱ ማረሻው ነው። ለጤፍ መሬቱ አራት አምስቴ ይታረሳል፣ ሥሩም በወራት ያልቃል። የዘላቂ ሣር ሥር ግን ዓመታት ሳይነካ ይከማቻል።

ድርቆሹን አዲስ አበባ አምጥተን ብንሸጥስ? ዋጋው ጥሩ ነው።

ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሱሉልታ መንገድ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ሲወርድ ሳይ እኔ የሚታየኝ ለም አፈር ነው። አንድ ቶን ድርቆሽ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል፤ ፖታሲየሙም ከዚያ አያንስም። የ50 ኪሎ ዩሪያ ከረጢት ያለው 23 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ እንግዲህ አስላው። ሣሩን ላሞቹ እዚያው በልተው ፍጉ ማሳ ካልገባ፣ ማሳረፉ ድካም ብቻ ነው።

ፍጉ ማሳ ከገባ እናቴ በምን ይጋግራሉ?

እውነትሽን ነው፤ ይሄ ከሣሩ ይከብዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ቢያንስ አመዱ ጓሮ አይደፋ፣ ማሳ ይግባ። ለማገዶ በድንበሩ ላይ ዛፍ መትከል ነው፤ እስኪደርስ ግን ዓመታት መታገሥ ግድ ነው።

በሬ ያን ሁሉ ሥር ይገለብጠዋል?

በጋ ላይ ከሆነ ማረሻው ይሰበራል። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ሳይደርቅ ይገመስ፤ ፀሐዩ የተገለበጠውን ሣር ያደርቀዋል።

ዩሪያውን እንተወው?

አትተዉት፣ ቀንሱት። ማገጡ በደንብ ከያዘ፣ ሙሉ ዩሪያ ተጨምሮበት ጤፉ ይጋደማል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ስንዴ እዘራለሁ። ሣር ብቻ ከነበረ ግን ሥሩ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማል፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፣ ያኔ አትቀንሱ።

ቄጠማስ ይሆናል? ለበዓልም ይሸጣል።

ቄጠማ ውሃ የተኛበት ቦታ ይወዳል፤ የሣር ወገንም አይደለም። እሱ ለጉዝጓዙ ይቆየን።