የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሴቶች ትምህርት ቤት ለፊልም ፕሮዲዩሰርነቴ ምን ሰጠኝ?

ባለፈው እትም ስለ ፊልም ፕሮዲዩሰርነት ስጽፍ፣ ሙያውን መማር የጀመርኩት ሴቶች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከመካከላቸው ሦስቱን መርጬ በዚህ እትም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቴአትር ክበባችን ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወደፊት የፊልም ፕሮዲዩሰር መሆን እፈልጋለሁ። ዘመዶቼ ግን ‹ከወንድ ጋር ተፎካክረሽ ሳታውቂ፣ ወንዶች በሞሉበት ሙያ ውስጥ እንዴት ትቆሚያለሽ?› ይሉኛል። የእርስዎ ትምህርት ቤት በሥራዎ ላይ ያሳደረውን ነገር ሳይሸፋፍኑ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

መልስ፦ እኅቴ፣ የዘመዶችሽ ስጋት ከአሳቢነት የመነጨ ስለሆነ አክብረሽ ስሚው። ሙያው ወንዶች የሞሉበት ነው ማለታቸውም እውነት ነው። የአሜሪካው ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ገቢ ባስገኙ 250 የአገሪቱ ፊልሞች ላይ የሚሠሩ ሴቶችን ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይከታተላል (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የሴት ፕሮዲዩሰሮች ድርሻ ከአራት አንድ ገደማ ሆኖ ቆይቷል፤ በ2024 ከዳይሬክተሮቹ መካከል ሴቶቹ 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። የማልስማማው ከዚህ ተነሥተው በሚደርሱበት መደምደሚያ ነው። ፕሮዲዩሰር ታሪክ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ታሪኩን ወደ ፊልም የመለወጥ መብት በውል የሚይዝ፣ ጸሐፊውንና ዳይሬክተሩን የሚያገናኝ፣ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ በጀትና የቀረጻ መርሐ ግብር የሚያወጣ፣ ፊልሙ ተቀናብሮ ተመልካች ዘንድ እስኪደርስም ኃላፊነቱን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት ከማንም ጋር ተፎካክሮ ማደግ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ገና በልጅነት ወስኖ ማየት፣ ተሳስቶ ማየት፣ ለስሕተቱም ሰው ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ነው።

እኔ ይህን ያገኘሁት በትምህርት ቤቴ የቴአትር ክበብ ነው። በየዓመቱ አንድ ቴአትር እናዘጋጅ ነበር። በግቢው ውስጥ ወንድ ተማሪ ስላልነበረ፣ መሰላል ላይ ወጥታ መብራት የምትሰቅለውም፣ የመድረኩን ጣውላ በምስማር የምትመታውም፣ የቲኬቱን ገንዘብ ቆጥራ የምትረከበውም፣ ተዋንያኑ ሲያረፍዱ የምትቆጣውም ሴት ልጅ ነበረች። ይህን ስናደርግ ጀግንነት እየሠራን ነው ብላ ያሰበች አንዲትም ልጅ አልነበረችም፤ እኛ ካልሠራነው የሚሠራው ሰው እንደሌለ እናውቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቀረጻ ቦታ ላይ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ሴት ስለ በጀት ስትወስን ሲያዩ የሚሰማቸውን መደነቅ ሳይ፣ እኔ ራሴ ያ መደነቅ በውስጤ ፈጽሞ እንደሌለ ተረዳሁ። በራስ መተማመን የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት ሰጥቶኛል ብዬ አልናገርም፤ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁና። ነገር ግን ገንዘብ መያዝና ትእዛዝ መስጠት ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተከለከለ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ሳይነካኝ አድጌአለሁ፤ ይህንንም ከፍርሃት ማጣት የሚበልጥ ነገር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አንድ ነገር በዝርዝር ልንገርሽ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክበቡ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ቴአትሩ ታይቶ ካለቀ በኋላ ሂሳቡን ስዘጋ ገንዘብ ጎደለኝ። ክበቡን የምትመራው መምህርት አልተቆጣችኝም፤ ጉድለቱን ከኪሷም አልሸፈነችልኝም። አባላቱን ሁሉ ሰብስባ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ጮክ ብዬ እንዳነብብና ከመዝገቡ ጋር እንዳመሳክር አደረገችኝ። የጎደለው ለመጋረጃ ጨርቅ የተከፈለ ገንዘብ ሆኖ ተገኘ፤ ከፍዬ ደረሰኝ ሳልቀበል ወጥቼ ነበር። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ያነበብኩባት ያች ከሰዓት በኋላ ዛሬም በሥራዬ ውስጥ አለች። የመጀመሪያ ፊልሜን ስሠራ የወጪ መዝገብ በየምሽቱ ሳይዘጋ እንዳይታደር ደንብ ያወጣሁት፣ ከበጀቱም ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ላልታሰበ ወጪ መጠባበቂያ አድርጌ የማላስነካው ከዚያ በተማርኩት ምክንያት ነው።

ይህችው መምህርት ልምምድ ከመጀመራችን በፊት የቴአትሩን ጽሑፍ በባለቀለም እርሳስ እንድናነብብ ታደርገን ነበር፤ ሰዎቹን በአንድ ቀለም፣ ልብሱን በሌላ፣ በእጅ የሚያዙትን ዕቃዎች በሌላ እናሰምርባቸዋለን። የፊልም ጽሑፍም ለቀረጻ የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ እንደሆነ የተረዳሁት ሙያው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በስምንት እኩል ክፍሎች ይለካል፤ አንድ ገጽ በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ስለሚሆን፣ በአንድ ቀን ምን ያህል ገጽ መቅረጽ እንደሚቻል የሚታሰበው በዚህ ልኬት ነው። ከዚያም የትዕይንቱ ሰዎች፣ አልባሳትና ዕቃዎች በየቀለማቸው ተለይተው ይወጣሉ፤ በጀቱም መርሐ ግብሩም የሚሠራው ከዚህ ዝርዝር ላይ ነው። አንዲት መምህርት በትምህርት ቤት አዳራሽ ያስተማረችኝ ነገር ስሙ ብቻ ሲለወጥ ጠበቀኝ።

በሴቶች ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ አልፈው በዚህ ሙያ ራሳቸውን ያስከበሩ ሰዎችን ማወቅሽም ለዘመዶችሽ መልስ ይሆንሻል። ጁልያ ፊሊፕስ የሴቶች ኮሌጅ ከሆነው ከማውንት ሆልዮክ በ1965 ተመርቃ፣ «ዘ ስቲንግ» ለተባለው ፊልም በ1974 የምርጥ ፊልም ኦስካር ሲሰጥ ከሁለት አጋሮቿ ጋር ሽልማቱን ተቀብላለች፤ በፕሮዲዩሰርነት ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ነች። የሕንድ ተወላጅዋ ሚራ ናይር በአገሯ በሺምላ በሚገኘው የሎሬቶ ገዳማውያት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ሚራንዳ ሃውስ በተባለው የዴልሂ የሴቶች ኮሌጅ ተምራ፣ በ1988 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልሟን ራሷ ዳይሬክት አድርጋ ራሷ ፕሮዲዩስ አድርጋለች፤ በኋላም ለምሥራቅ አፍሪካ ወጣት የፊልም ሠሪዎች ማሠልጠኛ በካምፓላ ከፍታለች። ተዋናይቷ ሪስ ዊዘርስፑን በናሽቪል ሃርፐዝ ሆል የተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች፤ በ2016 የሴቶችን ታሪክ የሚያስቀድም «ሄሎ ሰንሻይን» የተባለ የፕሮዳክሽን ድርጅት አቋቁማለች። የእነዚህን ሴቶች ስኬት ትምህርት ቤታቸው ብቻ አመጣው ብዬ አልከራከርም። ሴቶች ብቻ በሚማሩበት ቤት ማደግ ከዚህ ሙያ እንዳላገዳቸው ግን የሥራቸው ታሪክ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ «የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሴት ልጅ አለችኝ፤ በስልኳ ፊልም እየቀረጸች ጓደኞቿን ሥራ ስታከፋፍል ትውላለች። ለቀጣዩ ዓመት በሴቶች ትምህርት ቤትና ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት መካከል መምረጥ አለብኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ወደ መጀመሪያው አዘንብያለሁ። ትክክል ነኝ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእኔን ታሪክ አንብበው ብቻ እንዳይወስኑ አደራ እላለሁ። በ2014 «ሳይኮሎጂካል ቡለቲን» በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት በ21 አገሮች 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የሚመለከቱ 184 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። የተማሪዎቹን የቤተሰብ ሁኔታና ቀድሞ የነበራቸውን ችሎታ ግምት ውስጥ ባስገቡት ጥናቶች፣ በሁለቱ ዓይነት ትምህርት ቤቶች መካከል በተማሪዎች ውጤትና አመለካከት የታየው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህን ውጤት ስመለከት ከራሴ ገጠመኝ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አላገኘሁትም። እኔን የጠቀመኝ ወንዶች አለመኖራቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አብረውኝ የተማሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቅም ባገኙ ነበር። የቴአትር ክበቡን ደጃፍ ያልረገጡ ጓደኞቼ ከዚያ ትምህርት ቤት ሌላ ነገር ይዘው ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ዝምታን ይዘው ወጥተዋል።

ስለዚህ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ልጅዎን ይዘው ይጎብኙ፤ ስለ ፈተና ውጤት ከጠየቁ በኋላ ደግሞ ስለ ክበባቱ ይጠይቁ። የካሜራውና የድምፅ መሣሪያው ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ነው? ተማሪዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ አስገብተው፣ አውጥተው፣ ሂሳብ ያቀርባሉ ወይስ ሁሉን መምህራኑ ይሠሩላቸዋል? ባለፈው ዓመት መብራቱን ማን ሠራ? በሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ከባዱን ሥራ ሁሉ ከውጭ በተጠራ ሠራተኛ የሚያሠሩ አሉ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ለልጅዎ ከስሙ በቀር የሚሰጣት ነገር የለም። በአንጻሩ አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሥራው በየተራ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ሴቶቹ ልብስና ጽሕፈት ላይ፣ ወንዶቹ ካሜራ ላይ ተመድበው የማይቀሩ ከሆነ፣ እኔ ያገኘሁትን ልጅዎም እዚያ ታገኘዋለች። እርሷንም ጠይቋት፤ ከሁለቱ የትኛው ግቢ ውስጥ ሥራ ለማከፋፈል እጇ እንደሚበላት እርሷው ታውቃለች።

ጥያቄ፦ «ከሴቶች ትምህርት ቤት ወጥቼ ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ በአንድ የፊልም ድርጅት ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በክርክር ውድድር የሚቀድመኝ አልነበረም። አሁን ግን በስብሰባ ላይ መናገር ስጀምር ሌሎች ያቋርጡኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ትምህርት ቤቴ ያታለለኝ ያህል ይሰማኛል።»

መልስ፦ እኅቴ፣ የጻፍሽው ነገር ልቤን ነካው፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌአለሁና። በክርክር ክበባችን የእያንዳንዷ ተናጋሪ ጊዜ በደወል ይጠበቅ ነበር፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ማንም አያቋርጥም። ያ ደወል ከግቢው ውጭ እንደሌለ ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ ትምህርት ቤቴን የምወቅስበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቼ በአንዱ፣ በቀረጻው መርሐ ግብር ላይ የሌሊት ትዕይንት ካለቀ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ሌላ ትዕይንት መያዙን አይቼ ነበር። በዝግጅት ስብሰባው ሁለት ጊዜ ልናገር ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ቀጠለ፤ ሦስተኛ ጊዜ አልሞከርኩም። ቀኑ ሲደርስ ቡድኑ እንቅልፍ ሳይተኛ መጣ፤ ሥራው ተጎትቶ የግማሽ ቀን ቀረጻ ጠፋብን። ጥፋቱን ከእኔ በቀር ቀድሞ ያየ አልነበረም፤ ስለዚህ ዝምታዬ ያስከተለውን ወጪ እስከ ዛሬ በራሴ ሂሳብ እመዘግበዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ድምፅን ከፍ ማድረግ አልነበረም። የማነሣውን ነገር ከስብሰባው በፊት ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ በቁጥር አስደግፌ፣ ስብሰባውን ለሚመራው ሰው መላክ ጀመርኩ። «ዕረፍቱ አንሷል» ከማለት ይልቅ «በሁለቱ የሥራ ጊዜያት መካከል ያለው 5 ሰዓት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ጊዜ መመሪያ እንኳ በየቀኑ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይጠይቃል» ብሎ የተጻፈ ነገር በቀላሉ አይቋረጥም። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ መያዝንም አትናቂው። በዓለም የመጀመሪያዎቹ የፊልም ሠሪዎች ከሆኑት አንዷ የነበረችው አሊስ ጊ ወደ ፊልም ዓለም የገባችው ፈጣን ጽሕፈት ተምራ፣ በፓሪስ የፎቶግራፍ መሣሪያ ነጋዴ የነበረው የሌዎን ጎሞን ጸሐፊ ሆና ነው፤ በ1896 የመጀመሪያ ፊልሟን ሠራች፤ በ1910 ደግሞ በአሜሪካ ሶላክስ የተባለ የራሷን ድርጅት አቋቋመች። ማን ምን እንደወሰነ በጽሑፍ የያዘ ሰው፣ ወጣትም ቢሆን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መጠየቁ አይቀርም።

ትምህርት ቤቴ አታለለኝ ብለሽ ከመደምደምሽ በፊትም አብረውሽ የተማሩትን አስቢ። በመጀመሪያ ፊልሜ ላይ የሂሳብ ሠራተኛዬና አልባሳቱን ያዘጋጀችልኝ ሴት የቴአትር ክበብ ጓደኞቼ ነበሩ፤ ከስብሰባ በፊት የምጽፈውን ወረቀት አንብበው «ይህ አልገባኝም» የሚሉኝም እነርሱ ነበሩ። ከአንቺም የክርክር ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንዷ ዛሬ ሥራ ቦታዋ ላይ ተመሳሳይ ችግር ይኖርባት ይሆናል። ደውዪላት፤ ለሚቀጥለው ስብሰባሽ ያዘጋጀሽውን ግማሽ ገጽ አንብቢላትና፣ እያቋረጠችሽ እንድትለማመዱ ጠይቂያት።