«ተረት ነው» ያልኳቸው ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የምህንድስና ተማሪ «ጋሼ፣ ሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ፣ የሳይንስና የአስማት ልብ ወለድ ማለቴ ነው፣ ማንበብ እወዳለሁ። አባቴ ግን ‹ተረት ለልጅ ነው፤ ትምህርትሽን አጥኚ› ይለኛል። እውነቱን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስ አልኩና ዝም አልኩ። የአባቷ ቃል የእኔው ነበራ።

ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ ሱሉልታ ባለው የሳተላይት ጣቢያ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። አብረውኝ የሚያድሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ፤ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍም አይለያቸውም። አንድ ሌሊት ልባጡን ገለጥ ሳደርገው ሽፋኑ ላይ የጠፈር መንኮራኩር አለ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ተረት?»

አልተቆጡም። «የዚህ መጽሐፍ ደራሲ እኮ ነው፣ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢቀመጥ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፣ ለመገናኛ ይሆናል ብሎ የጻፈው። ያውም እ.ኤ.አ. በ1945። እንጀራችንን የምንበላው በእሱ ሐሳብ ነው» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ጠዋት ሻይ ላይ ለባልደረቦቼ አወራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «ጋሼ መንኮራኩር» ሆኖ ቀረ። መጽሐፍ ይዘው መምጣት ተዉ።

ከዓመታት በኋላ ውጭ አገር ሥልጠና ላይ አስተማሪው ያንን የሳተላይት መዞሪያ ምህዋር «የክላርክ ምህዋር» ሲለው ሰማሁ። አርተር ክላርክ፣ ያው የጋሼ ደራሲ። ላብ አጠመቀኝ።

ስመለስ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» የተባለውን ልብ ወለዱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል። መጽሐፉን ዳበስ ዳበስ አድርገው አሸተቱትና «በል አንብብልኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አነበብኩላቸው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም በርሜል የመሰለ ነገር ከህዋ ይመጣል፤ ሰዎች ይገቡበታል፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። «ስለሚሽከረከር ነው አይደል፣ ግድግዳው ላይ መቆም የቻሉት?» ይሉኛል፣ ሲኒያቸውን በጣታቸው እያዞሩ። ቀድመውኝ ይገባቸዋል። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ትጨርሱና «አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። ምኑን? የጀመራችሁትን መጽሐፍ ጨርሱ እንጂ። እኔ ራሴ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ባለ ሦስት ቅጽ ፋንታሲ፣ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን፣ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ፤ ዛፍ ሲያወራ አልቻልኩም። እሱ ሌላ ነገር ነው።

በጠቅላላው ፋንታሲ ላይ ብዙም አይደለሁም። ግን ልጄ የኧርሱላ ለ ጉዊንን «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» አስነብባኝ እጄን ሰጠሁ። እዚያ አገር ሰው እውነተኛ ስሙን ለማያምነው አይነግርም፤ ስሙን ያወቀ በቁጥጥሩ ሥር ያውለዋል። ሴት አያቴስ «የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ ያስደግሙብሃል» ትለኝ አልነበር? እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ የአሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ የአያቴን ድምፅ ሰማሁ። ድራጎን አለበት፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

ስለዚህ አንቺ የጠየቅሽኝ ተማሪ፣ ከለ ጉዊን መጽሐፍ ጀምሪ፤ ቀጭን ነው። ፈተና ሲደርስ ግን አባትሽም እውነት አላቸው።

ጋሼ ጋ አራተኛው ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ። አምስተኛውም እንደዚያው። ያቆምነው መጽሐፉ ውስጥ መብራቱ ሊበራ ጥቂት ገጽ ሲቀረው ነው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

«‹ሰዎቹን ጨለማ ውስጥ ትተናቸው› እያለ ይጨነቃል። ኧረ ምን ሆኑ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው።