መልስ፦ ራስን የመንከባከብ ሥልጠና የሐኪምን ክትትል ይተካልን?

ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው አባትዎ ራስን የመንከባከብ ሥልጠና ቢወስዱ የሐኪም ክትትል ይቀርላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይቀርም፣ ሥልጠናው ክትትሉን ያጠናክረዋል እንጂ። በካናዳ ኩቤክ በ7 ሆስፒታሎች 191 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በባለሙያ እየታገዙ የተማሩት ሕሙማን በሕመሙ መባባስ ሆስፒታል የመግባታቸው መጠን በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2012 የታተመ ሌላ ሙከራ፣ ሥልጠናውን ባገኙት ዘንድ የሟቾች ቁጥር በልጦ በመታየቱ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል፤ ስለዚህ አባትዎን ወረቀት ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ ስልክ የሚያነሣላቸው ባለሙያ ያለበትን ፕሮግራም ብመርጥ እወዳለሁ። አክታቸው ሲበዛ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ትንፋሻቸው ከወትሮው በላይ ሲያጥር የትኛውን መድኃኒት እንደሚጀምሩና መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚሄዱ ሐኪማቸው በጽሑፍ ያስፍርላቸው። የሚስቡትን መድኃኒት አጠቃቀምም (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው) በየቀጠሮው በነርሷ ፊት ያሳዩ።