ሊፍት የሰጠው ሹፌር ተገደለ፤ ክሱ ወዴት ያመራል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። አንድ ምሽት ቱሉ ዲምቱ ላይ ሊፍት የጠየቀውን መንገደኛ ጋቢና አሳፈረው። በማግስቱ አስከሬኑ ከገላን አለፍ ብሎ ማሳ ዳር፣ መኪናው ዱከም ቆሞ ተገኘ። ስልኩ የለም። የተያዘው ወጣት «ሊያጠቃኝ ሲል ራሴን ተከላከልኩ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሽማግሌዎችም ዕርቅ ይዘው መጥተዋል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ምን መብት አላቸው? መኪናውንስ መቼ እንረከባለን? (ከገላን)

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ከመኪናው እንጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መኪናው ኤግዚቢት (ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ) ስለሆነ ቶሎ እንዲለቀቅ አትወትውቱ። ፖሊስ ጋቢናውን ፎቶ አንስቶ አሻራና የደም ናሙና መውሰዱን መርማሪውን ጠይቁ። ያ ሳይሆን መኪናው ታጥቦ የወንበር ልብሱ ከተጣለ የሚመልሰው የለም። ሹፌር በግራ፣ ተሳፋሪ በቀኝ ነው የሚቀመጠው። የአስከሬን ምርመራው ቁስሉ በቀኝ አንገትና ትከሻ ላይ መሆኑን ካሳየ፣ ስለት ሲከላከል የተቆረጠ መዳፍ ካለ፣ ደሙም የሹፌሩ ወንበር ላይ ከሆነ፣ ሟች መሪ እንደያዘ መመታቱን ያመለክታል። ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም የተከሳሹን ቃል አጥብቆ ይፈትነዋል።

ሕጋዊ መከላከል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ጥቃቱ ሕገወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከልክ ካለፈ አንቀጽ 79 ቅጣቱን ያቀላል። ራሱን ተከላክሎ የተረፈ ሰው ለምን አስከሬን ማሳ ዳር ጥሎ፣ መኪናና ስልክ ይዞ ሄደ? ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ጥያቄ ላይ መቆም አለበት።

ዋናው ክርክር ግን የክሱ አንቀጽ ነው። ተራ የሰው ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከባድ የሰው ግድያ (አንቀጽ 539) የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። አስቀድሞ የታሰበ፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን የተደረገ ግድያ 539 ውስጥ ይገባል። ልዩነቱን የሚያመጣው ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት የነበረው ሐሳብ ነው፦ ስለቱን ይዞ ነው የተሳፈረው? ከማን ጋር ሲደዋወል ነበር? መኪናውን ለማን ሊሸጥ ፈለገ? እናንተ የስልኩን ካርቶን ፈልጋችሁ በላዩ ያለውን መለያ ቁጥር ለመርማሪው ስጡ፤ በየትኛው ሲም እንደተከፈተ ሊደረስበት ይችላል። ሲሳፈር ያዩ ሻይ ሻጭ ወይም ተራ አስከባሪ ካሉ ስማቸውን በጽሑፍ አስይዙ። የሱቅና የማደያ ካሜራ በሌላ ቅጂ ተተክቶ ስለሚጠፋ ይህን ለነገ አትበሉት።

ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፤ ገላንና ዱከም ኦሮሚያ ናቸው። ጉዳዩ የሚታየው ግድያው በተፈጸመበት ቦታ ስለሆነ መዝገቡ በየትኛው ፖሊስ እጅ እንዳለ አረጋግጣችሁ ቁጥሩን ያዙ። ሁለት ጣቢያ ሲያመላልሷችሁ ማስረጃው ይባክናል።

ዕርቁን እምቢ በሉ አንልም። ጉማም (የኦሮሞ ባህላዊ የደም ዕርቅ) ይሁን ሽምግልና ደም ያደርቃል፤ በቀልን ያስቀራል። ክሱን ግን አያቆምም፤ ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ ከካሰ ቅጣት ማቅለያ ሊሆነው ይችላል። የምንፈራው ወረቀቱን ነው። «ከእንግዲህ ምንም የይገባኛል ጥያቄ የለንም» የሚል መስመር ካለበት ሚስትየው ጠበቃ ሳታማክር አትፈርም፤ በኋላ ካሳ ስትጠይቅ ያው ወረቀት ይቀርብባታል።

ካሳውን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በየራሳቸው ስም ያጡትን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከአሠሪው የደመወዝ ደብዳቤ አዘጋጁ። የሞራል ካሳ ጣሪያው 1,000 ብር ነው (ቁጥር 2116)። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የተጻፈ ቁጥር ነውና ዛሬ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ኃይላችሁን በመተዳደሪያው ላይ አድርጉ። ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር ማቅረብ ይቻላል (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101)፤ ስሌቱ ከተወሳሰበ ግን በፍትሐ ብሔር ችሎት ለብቻው መክሰስ ይሻላል። የይርጋ ጊዜው (ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ እሱ ይሠራል (ቁጥር 2143)። ተከሳሹ በወንጀል ነጻ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ አይገደድም (ቁጥር 2149)። በወንጀሉ ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚለው ግን ዐቃቤ ሕግ እንጂ ቤተሰብ አይደለም፤ ቅሬታችሁን ፍርዱ በተሰጠ ሰሞን ለእሱ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ምስክር ተደርጌያለሁ፤ የተከሳሹ ዘመዶች ሰፈሬን ያውቃሉ። ብቀርስ? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይቅሩ፤ መጥሪያ ደርሶዎት ቢቀሩ ተይዘው ሊቀርቡ ይችላሉ። ዛቻ ከደረሰብዎት ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና የደወለውን ቁጥር ጽፈው፣ ከመመስከርዎ በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ይስጡ። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን እስከ መደበቅ የሚደርስ ጥበቃ ይፈቅዳል። ጥያቄው ስምዎ ችሎት ላይ ከተጠራ በኋላ ከመጣ ግን የሚደበቅ ነገር አይቀርም።